ከሐራጅ የተረፈ ሸክላ፦ የጋላክሲ 500 የመጨረሻ አልበም ዳግም ኅትመት

ረፍ ትሬድ የተባለው ነጻ የሙዚቃ አሳታሚ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲከስር፣ ለሐራጅ ከቀረቡት ንብረቶቹ መካከል የሮክ ቡድኑ የጋላክሲ 500 ማስተር ቴፖች (የቀረጻዎቹ ዋና ቅጂዎች) ይገኙበት ነበር። ለቡድኑ ሊከፈል የሚገባው የሮያሊቲ ገንዘብም ከአሳታሚው ጋር አብሮ ቀልጦ ቀረ። ቡድኑ ራሱ በዚያው ዓመት ፈርሷል፤ ዘፋኙና ጊታሪስቱ ዲን ዌርሃም መልቀቁን ለባልደረቦቹ የነገራቸው በስልክ ነው። ቴፖቹን ተጫርቶ የገዛው ድራመሩ ዴመን ክሩኮውስኪ ነበር። ክሩኮውስኪና የትዳር አጋሩ፣ የቡድኑ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ናኦሚ ያንግ፣ 20|20|20 ብለው በሰየሙት የራሳቸው አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት የቡድኑን አልበሞች፣ የ1990ውን የመጨረሻ ሥራ «ዚስ ኢዝ አወር ሚዩዚክ»ን ጨምሮ፣ እንደገና በሸክላ አሳትመዋል። ስለ ሸክላ መመለስ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ናፍቆት ነው። እዚህ ላይ ግን ናፍቆት የሚያስረዳው ጥቂቱን ነው ባይ ነኝ። ሙዚቃው ዛሬም በእጅ የሚያዝ ሸክላ ሆኖ የሚገኘው፣ ዋናው ቅጂ ከሠሩት ሰዎች እጅ ስለገባ ነው።

የቡድኑ ታሪክ አጭር ነው። ሦስቱ የተዋወቁት ኒውዮርክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው፤ ከዚያ ሃርቫርድ ገቡ፣ በ1987 ቡድን መሠረቱ፣ ከ1988 እስከ 1990 ሦስት አልበም አወጡ። ስማቸውን የወሰዱት ከፎርድ መኪና ነው። ክሩኮውስኪ መጀመሪያ የተጫወተበት ድራም ደግሞ የሃርቫርድ ጓደኛቸው የኮናን ኦብራየን ነበር፤ የኋለኛው የቴሌቪዥን ኮሜዲያን ማለት ነው። ሦስቱንም አልበሞች ማንሃተን በሚገኘው ኖይዝ ኒውዮርክ ስቱዲዮ ያቀናበረላቸው ክሬመር ነው፤ ድሪም ፖፕ ከሚባለው ስልት ጋር ያስተሳሰራቸው ሰፊ የድምፅ ማስተጋባትም የእሱ አሻራ አለበት።

የመጨረሻው አልበም ርዕስ የተወሰደው ከጃዙ ሳክስፎኒስት ኦርኔት ኮልማን የ1961 አልበም ነው። ኮልማን ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ፋይቭ ስፖት በተባለው የኒውዮርክ ክለብ ሲጫወት፣ አድማጩንም ባለሙያውንም ለሁለት ከፍሎ ነበር። የጋላክሲ 500 ዝግ ያለ ሮክ ከዚያ ሙዚቃ ጋር በድምፅ አይገናኝም። የሚያገናኛቸው የተጫዋቾቹ እኩልነት ይመስለኛል፤ በሁለቱም ቡድን ውስጥ አጃቢ የሚባል ሰው የለም።

ይህ በግልጽ የሚሰማው «ሊስን፣ ዘ ስኖው ኢዝ ፎሊንግ» ላይ ነው። ዘፈኑ የዮኮ ኦኖ ነው፤ በ1971 ከጆን ሌነን ጋር ያወጣችው የገና ዘፈን ነጠላ ሸክላ ጀርባ ላይ ነበር። እዚህ የምትዘፍነው ያንግ ናት። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው፤ አያስጌጥም፣ ስሜትም አይለምንም። ቤዝ ጊታሯ እንደ ልማዱ ከታች ሆኖ ዜማውን አይሸከምም፤ ላይኛው እርከን ላይ ወጥቶ የራሱን ዜማ ይጫወታል። ክሩኮውስኪ ምት ከመምታት ይልቅ ሲምባሉን እያፏጨ ክፍተቱን ይሞላል። ዌርሃም መጀመሪያ ላይ ያለ አይመስልም። ከዚያ ጊታሩ ቀስ በቀስ ይወፍርና ወደ ስምንት ደቂቃ በሚጠጋው ዘፈን ማብቂያ አካባቢ ሁሉን ይውጣል። የተጠቀሙት ኮርድ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ለውጡን ሁሉ የሚያመጣው የድምፁ ውፍረት ነው።

አልበሙን ከ1989ኙ «ኦን ፋየር» በታች የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። በከፊል እስማማለሁ። ድምፁ ይበልጥ ጠርቷል፤ ከመጥራቱ የተነሳም የቀድሞው መሰባበር፣ ዌርሃም ከአቅሙ በላይ ወደ ቀጭን ድምፅ ሲወጣ የሚሰማው ጭንቅ፣ ቀንሷል። ግን መክፈቻው «ፎርዝ ኦፍ ጁላይ»፣ ግማሹን እያወራ ግማሹን እያዜመ የሚያፌዝበት ዘፈን፣ በቀደሙት አልበሞች ውስጥ ቦታ አይኖረውም ነበር። ፌዙ ውስጥ መሰላቸት አለ፤ ቡድኑ እንዴት እንዳበቃ ለሚያውቅ አድማጭ ይህን አለመስማት ይከብዳል።

ሸክላው ለዚህ ሙዚቃ ሁልጊዜ ይመቻል ማለት ግን አይደለም። ሸክላ በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር ሲሽከረከር፣ መርፌው ውጪኛው ጠርዝ ላይ በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ ይጓዛል፤ መሃሉ አጠገብ ሲደርስ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ያው ድምፅ ግማሽ በማይሞላ ቦታ ላይ ስለሚታጨቅ፣ ቀጫጭኑ ድምፅ መጀመሪያ ይጎዳል። ሲምባልና የተንዛዛ ማስተጋባት ደግሞ የዚህ ቡድን ዋና ቀለም ነው። የአልበሙ መዝጊያ «ኪንግ ኦፍ ስፔን፣ ክፍል ሁለት»፣ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላቸው ጀርባ ላይ የነበረው ዘፈን ተከታይ፣ በዚህ ጠባብ ሥፍራ ላይ ነው የወደቀው። ሸክላ በድምፅ ጥራት ይበልጣል የሚለው የተለመደ ሙገሳ እዚህ ላይ ያነክሳል።

ክሩኮውስኪ ራሱም ይህን ሙገሳ አይደግምም። በ2017 ባሳተመው «ዘ ኒው አናሎግ» የተሰኘ መጽሐፉ የሚሟገተው፣ ዲጂታሉ ዓለም ከምልክቱ ዙሪያ ያለውን ጫጫታ ሲያስወግድ ከጫጫታው ጋር ያለውን አውድ እንደሚጥል ነው። በ2012 በጻፈው መጣጥፍ ደግሞ የዲጂታሉን ገቢ በቁጥር አስቀምጧል። «ተግቦት» የተባለው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው በአንድ ሩብ ዓመት ስፖቲፋይ በተባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማሰራጫ ላይ 5,960 ጊዜ ተደምጦ ለሦስቱ ደራሲዎች በድምሩ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዳቸው 35 ሳንቲም አስገኝቷል። ከአንድ ሸክላ ሽያጭ የሚያገኙትን ትርፍ በዚህ መንገድ ለማግኘት 47,680 ጊዜ መደመጥ ነበረበት።

ከገንዘቡ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላው ግኝቱ ነው። «ስትሬንጅ» የተባለው ዘፈናቸው በ2017 መጀመሪያ ላይ ስፖቲፋይ ላይ በድንገት ከሌሎቹ ሁሉ በልጦ መደመጥ ጀመረ። ክሩኮውስኪ እንዳጣራው፣ ምክንያቱ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ተመሳሳዩን በራሱ የሚያስከትለው አሠራር ነበር፤ ከጋላክሲ 500 ሥራዎች መካከል የሌሎችን ሙዚቃ ይበልጥ የሚመስለውን መርጧል። ቡድኑን በጥቂቱ የሚመስለው ዘፈን የቡድኑ መለያ ሆነ ማለት ነው። ስምንት ደቂቃ ሊሞላ የሚቃረብ፣ በሌላ ሰው ድምፅ የተዘፈነ የዮኮ ኦኖ ዘፈን በዚህ ወንፊት ማለፉ ያጠራጥራል። ሸክላው የሚያመጣው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል የወሰኑት ሦስቱ ናቸው፣ መርፌውን ያስቀመጠ ሰውም ያንን ውሳኔ ይሰማል።

የሚቀር ጥያቄ አለ። ከሐራጁ በኋላ ቴፖቹ የገቡት በሁለቱ እጅ ነው፤ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ጊታሩ የሚሰማው ሦስተኛው ሰው ሉና የተባለ ሌላ ቡድን መሥርቶ፣ መለያየቱን በራሱ በኩል በ2008 «ብላክ ፖስትካርድስ» በተሰኘ ማስታወሻው ተርኳል። የሐራጁ ታሪክ የሚወደሰው አርቲስት ከአሳታሚ ነጻ የወጣበት ተብሎ ነው፤ ውዳሴው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጨረታው ቴፖቹን ከከሰረው ድርጅት አወጣቸው እንጂ፣ ሦስቱን እኩል ባለቤት አላደረጋቸውም።