«እዚህ የለም» ለሚለው ሰርቨር

የስሜን ተራሮችን ሊጎበኝ የመጣ ሰው የሚመዘገበው ደባርቅ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሳንቃበር ወጥቶ ድንኳን ከተከለ በኋላ አይደለም። በኢሜይል ሰርቨር ላይ ያለውን የተቀባይ ማጣሪያ የምወደውም ለዚሁ ጠባዩ ነው። ላኪው የተቀባዩን አድራሻ ሲጠራ፣ የመልእክቱ ሐተታ ገና ሳይገባ፣ ማጣሪያው መዝገቡን ያያል። ስሙ ከሌለ «550»፣ ማለትም «እዚህ የለም»፣ ብሎ ይመልሳል። ቁጥሩ ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 በጻፈው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ ውስጥ ያለ ነው፤ እስካሁንም አላረጀም።

አይፈለጌ መልእክት የሚበትኑ ሰዎች ስም እየገመቱ ስለሚልኩ ብዙው ድካማቸው ደጃፍ ላይ ይቀራል። ማጣሪያው ከሌለ ሰርቨሩ ሁሉን ተቀብሎ፣ ኋላ «አልደረሰም» የሚል ደብዳቤ አድራሻው በሐሰት ለተጻፈበት ምስኪን ይልካል። በዚህም ሰርቨሩ ራሱ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እርግጥ መልሱ የትኛው ስም እንዳለ ለገማቹ ይጠቁማል። ለዚያም መላ አለው፤ ለተሳሳተ ስም ምላሹን ጥቂት ሰከንድ ማዘግየት።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ፣ ሰው በየዓመቱ በሚገባና በሚወጣበት ተቋም የምትሠሩ የሰርቨር ኃላፊዎች፣ እባካችሁ የለቀቀውን ስም ከመዝገቡ አውጡ፤ ሁሉን አድራሻ የሚቀበለውንም ቅንብር ዝጉ።