ተራኪው ከማን ወገን ነው? ስለ ድምፅና ድምፀት
በአጭር ልቦለድ ሂስ ውስጥ «የደራሲው ድምፅ» የምንለው ሐረግ ሁለት ነገሮችን ያምታታል። ድምፅ የተናጋሪው ማንነት ነው፤ ድምፀት ደግሞ ተናጋሪው ለጉዳዩና ለአድማጩ ያለው ስሜት። በአማርኛ ይህ ስሜት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቅጽል ይልቅ በግሱ ላይ ተለጥፎ ነው። የውጭ የሂስ መጻሕፍት ግን ይህን አያስተምሩንም።

ካዛንቺስን እንውሰድ። ስሙ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ቤቶች የመጣ ነው፤ የነዋሪው አፍ አለስልሶ የራሱ አድርጎታል። በ2017 ዓ.ም. የዚህ ሰፈር ብዙ ክፍል በኮሪደር ልማቱ ፈርሷል። ስለዚህ የሚጻፍ ልቦለድ ተራኪው «ቤቱ ፈረሰ» ቢል ዘገባ ነው፤ «ቤታችን ፈረሰብን» ቢል ጉዳት ነው። «ቤታችን ፈረሰችብን» ሲል ግን አንዲት «ች» ጠባቧን ቤት ታቆላምጣለች፤ ሐዘኑ ከዚያ ይጀምራል።

«ፈረሰላችሁ»ስ? ከሹም አፍ ሲወጣ ምሥራች ነው፤ ከቂርቆስ ጎረቤት አፍ ሲወጣ ምጸት። ቃሉ ያው ነው፤ ድምፀቱን የወሰነው ድምፁ ነው። ይህን ሳይለይ «ደራሲው ልማቱን ይደግፋል» ወይም «ይቃወማል» ብሎ የሚፈርድ ሐያሲ የተራኪውን ቃል በደራሲው አንገት ላይ ያስራል። እንዲህ ያለው ፍርድ ከመማሪያ ክፍል ውጭም ደራሲውን ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል።