ከቴሌቪዥን የተወለደ ልብ ወለድ በቦንጋ ሲነበብ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ በቴሌቪዥን ከታየ የሳይንስ ልብ ወለድ ትርኢት ተወስዶ የተጻፈ መጽሐፍ ራሱን ችሎ ሊያስደስት ይችል እንደ ሆነ መመርመር ነው። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የትርኢቱ ትርፍራፊ ነው ብለው ይንቁታል። ትርኢቱን ያየ ሰው መጽሐፉ አያስፈልገውም፤ ያላየ ሰው ደግሞ አይገባውም ይላሉ። እኔ ትርኢቱን ሳላይ መጽሐፉን አስቀድሜ ያነበብሁ ነኝና፣ ይህ አስተያየት ልክ እንዳይደለ ለማስረዳት እሞክራለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ እንግሊዛዊው ዴቪድ ዊቴከር በ1964 ያሳተመው፣ «ዶክተር ሁ» የተባለው የቴሌቪዥን ትርኢት ጀግና ከዳሌኮች ጋር ያደረገውን ትግል የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረውም በዚያው ዓመት ነበር። ታሪኩን የደረሰው ቴሪ ኔሽን ሲሆን፣ ከ1963 መጨረሻ እስከ 1964 መጀመሪያ ድረስ በቢቢሲ በሰባት ክፍል ታይቷል። ዊቴከር ራሱ የዚያ ትርኢት የድርሰት አርታዒ ስለ ነበረ ነገሩን ከውስጥ ያውቀዋል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢያንና ባርባራ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ በውጭ ሲያዩት የለንደን ፖሊስ የስልክ ሣጥን በሚመስል፣ በውስጡ ግን ሰፊ በሆነ መኪና ውስጥ ይገባሉ። ባለቤቱ ዶክተር የሚባል ሽማግሌ ነው፤ የልጅ ልጁ ሱዛንም አብራው አለች። መኪናው ይዟቸው ስካሮ ወደምትባል ሌላ ዓለም ይሄዳል። ስካሮ በጦርነት የጠፋች ናት። ደኑ ድንጋይ ሆኗል። በብረት ከተማዋ ውስጥ፣ በብረት ቅርፊት ተሸፍነው የሚኖሩ ዳሌኮች አሉ፤ ከከተማው ውጭ ደግሞ ጦርነትን የሚጠሉ ታሎች የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። ዳሌኮች ታሎችን ሊያጠፉ ይነሣሉ።

እንግዲህ ዊቴከር ይህን ታሪክ እንዳለ አልገለበጠውም። አንደኛ፣ ተራኪው ኢያን ነው፤ «አየሁ፣ ፈራሁ» እያለ ይነግረናል። በቴሌቪዥኑ ኢያንን ከውጭ እናየዋለን፤ በመጽሐፉ ግን በዓይኑ እናያለን። ሁለተኛ፣ አጀማመሩን ለውጦታል። በትርኢቱ ኢያንና ባርባራ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህራን ናቸው። በመጽሐፉ ግን ኢያን ሥራ ፍለጋ ደክሞ የሚመለስ የሳይንስ ሰው ነው፤ ከባርባራም ጋር የሚተዋወቀው ጭጋግ በሸፈነው መንገድ ላይ የመኪና አደጋ በደረሰበት ሌሊት ነው። ሦስተኛ፣ በትርኢቱ የሌለ፣ በመስተዋት ቅርፊት ውስጥ ሆኖ የሚታይ የዳሌኮች አለቃ ጨምሯል።

ትርኢቱን የሚወዱ አንዳንዶች ይህን ለውጥ እንደ ጥፋት ይቈጥሩታል። በእኔ አስተያየት ግን የመጽሐፉ ሕይወት ያለው በዚሁ ነው። የቴሌቪዥኑ ተመልካች የተዋናዩን ፊትና የመኪናውን ድምፅ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ጸሐፊው ይህ ሁሉ የለውም፤ ያለው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ትርኢቱ የሰጠውን በቃል ከመቍጠር ይልቅ፣ ትርኢቱ ሊሰጥ ያልቻለውን፣ ማለት የአንድን ሰው ውስጣዊ ፍርሃት፣ ሰጠን።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በትርኢቱ ባርባራ የታሪክ መምህርት ናት፤ ከኢያን እኩል ቆማ ትከራከራለች። በመጽሐፉ የሱዛን የግል አስተማሪ ብቻ ሆናለች፤ ታሪኩ በኢያን አፍ ስለሚነገርም አሳቧን የምናውቀው እርሱ በገመተው መጠን ነው። አንድ ዓይን መምረጥ ሌላውን ዓይን መዝጋት ነውና፣ ደራሲው ለትርፉ የከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

አንባቢው ያለበት ቦታም ለንባቡ የራሱን ይጨምራል። የስካሮ ደን በቴሌቪዥኑ በጠባብ ስቱዲዮ የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ከቦንጋ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። በከፋ ደን ቡና ሳይተክሉት በዱር ይበቅላል፤ ዩኔስኮም በ2010 የከፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ደን ማለት ቡና፣ ማርና ዝናብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ቅጠሉ ሲነካ የሚፈርስ ደን ሲገጥመው ምን እንደ ጠፋ አስረጅ አያሻውም። ይህን ስሜት ያመጣው ሥዕሉ አይደለም፤ አንባቢው ከራሱ አገር ያመጣው ነው፤ መጽሐፉም ለዚህ ስፍራ ትቶለታል።

ሌላም ቁም ነገር አለ። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከድሮ ፊልሞቹ ብዙዎቹን ደምስሷል። የዶክተር ሁን ትርኢት ከገዙት የውጭ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ በ2013 የተገኙት ዘጠኝ ክፍሎችም የተመለሱት ከናይጄሪያ ከተማ ከጆስ ነው። በ1964 የታየው ባለ ሰባት ክፍል የማርኮ ፖሎ ታሪክ ምስሉ ጠፍቶ፣ ድምፁና ደራሲው ጆን ሉካሮቲ ራሱ በ1980ዎቹ የጻፈው መጽሐፍ ለአንባቢ ተርፈዋል። ቴራንስ ዲክስም ከዚሁ ትርኢት ከስድሳ የሚበልጡ መጻሕፍት ጽፏል። የእርሱ መንገድ እንደ ዊቴከር አይደለም፤ የታየውን በቀላልና በፈጣን ቋንቋ በታማኝነት ይተርካል። ለትውስታ የሚፈለገው ይህ ነው። እንግዲህ ትርፍራፊ የተባለው ነገር፣ ማዕዱ ሲነሣ ብቻውን ቀርቶ ተገኘ።

ይህ ነገር እኛን የአፍ ታሪክ የምንሰበስበውን ተማሪዎች በቀጥታ ይመለከተናል። የከፋ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 ተማርከው የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ፣ የወርቅ ቀለበታቸውን ወደ ውሃው ጣሉ ተብሎ ይነገራል። ሽማግሌ ይህን ሲተርክ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ዝም ይላል፣ በእጁም ያሳያል። እኛ ግን በደብተራችን «ቀለበቱን ጣለ» ብለን አንድ መስመር ጽፈን እናልፋለን። ድርጊቱ ተመዘገበ፤ ትርኢቱ ግን ጠፋ።

መፍትሔው እንደ ዊቴከር መስተዋት ለብሶ የሚታይ አለቃ መጨመር ነውን? አይደለም። እርሱ የጻፈው ልብ ወለድ ነው፤ የመለወጥ ነጻነት አለው። እኛ የምንጽፈው የሰው ትዝታ ነውና ያልተነገረንን ልንጨምር አይገባም። ነገር ግን ከእርሱ አንድ ነገር መማር እንችላለን፤ ይኸውም ታሪኩ በማን ዓይን እንደ ታየና በማን አፍ እንደ ተነገረ መጻፍ ነው። ዝምታውንና የእጁን ምልክት መመዝገብ ፈጠራ አይደለም፤ የዲክስ ታማኝነት ነው።

ስለዚህ የመጽሐፉ ፍርድ በሁለት ጥያቄ ይቆም። መጽሐፉ ትርኢቱን ላላየ ሰው ይበቃልን? የዊቴከር ይበቃል። ትርኢቱ ቢጠፋስ መጽሐፉ ምን ያህሉን ይመልስልናል? ለዚህኛው የሉካሮቲና የዲክስ መንገድ ይሻላል። ሁለቱም መንገዶች የተከበሩ ናቸው፤ የሚያሳፍረው አንዱን ይዞ ሌላውን ነኝ ማለት ነው።