በማስካራው አንገት ውስጥ ያለችው ቀለበት

ሮዝ ቱቦ፣ አረንጓዴ ክዳን። ሜይቤሊን «ግሬት ላሽ» የተባለውን ማስካራ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ሲያወጣ ያለበሰው ይህንን ነበር፤ እስካሁንም አላስወለቀውም። ሁለቱን ቀለማት ምን እንዳገናኛቸው ፈጣሪ ይወቅ። መደርደሪያ ፊት ለቆመ ሰው ግን ከሩቅ ይለያሉ፣ ዋጋውም አሜሪካ ውስጥ ዛሬም ከ10 ዶላር በታች ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከውጭ የሚታየው አይደለም። ክዳኑን ፈታችሁ ብሩሹን ቀስ እያላችሁ ስትስቡት፣ ሊወጣ ሲል ትንሽ ያዝ አድርጎ ይለቃል። የሚይዘው በቱቦው አንገት ውስጥ የተሰካች ለስላሳ ቀለበት ናት። ቀዳዳዋ ከብሩሹ ትጠባለች። የብሩሹ ፀጉር በእሷ ሲያልፍ ይተኛል፣ ትርፉ ቀለም ተሟጥጦ ወደ ቱቦው ይመለሳል፣ ዘንጉም ተጠርጎ ይወጣል። ቀዳዳዋ ትንሽ ብትሰፋ ብሩሹ ቀለም ጎርሶ ወጥቶ ሽፋሽፍትን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ብትጠብ ደግሞ ባዶውን ይወጣል። ልኳን ለማግኘት የቀለሙን ውፍረት፣ የፀጉሩን ጥንካሬና የቀዳዳዋን ስፋት አንድ ላይ ማስማማት የግድ ነው። ስሟ በማስታወቂያ አይነሳም፣ ገዢዎችም መኖሯን አያውቁም። ለእኔ ግን ከርካሽ መዋቢያ ሁሉ እጅግ የተዋጣለት ሥራ እሷ ናት፤ ምክንያቱም ሥራዋ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው።

ድሮ ይህን የምትሠራው ተኳዪዋ ራሷ ነበረች። ቶማስ ላይል ዊልያምስ ሜይቤሊንን በ1915 ቺካጎ ውስጥ ካቋቋመ በኋላ ለዓመታት የሸጠው ማስካራ በትንሽ ሣጥን ውስጥ ያለ ደረቅ ቁራጭ ነበር። ሴቶች ትንሿን ብሩሽ በውሃ፣ ሲቸኩሉም በምራቃቸው አርሰው ቁራጩን ይፈትጉ ነበር። ምን ያህል እንደሚበቃ የሚያውቀው እጃቸው ብቻ ነው። ሄለና ሩቢንስታይን በ1957 ዘንጉን ከነቀለሙ ቱቦ ውስጥ ስታስገባው የእጁ ልምድ ወደ ዕቃው መሸጋገር ጀመረ።

እንግዲህ ወደ መደርደሪያው እንሂድ። የአሜሪካ ፋርማሲ መድኃኒቱን ከኋላ፣ መዋቢያውን ከፊት ነው የሚያስቀምጠው። ሲልቨር ስፕሪንግ በተባለችው ከተማ ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ገብታ በሜይቤሊን፣ በሎሬያል፣ በሬቭሎን፣ በኒክስና በኤልፍ መካከል ግራ ገብቷት የቆመች ሐበሻ ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙዎች ጥቂት ቆመው «ርካሽ ነገር ፊት ያበላሻል» ብለው ይወጣሉ። አልስማማም። ሎሬያል ሜይቤሊንን የገዛው በ1996 ነው፤ በመስታወት ጠርሙስ፣ በትልልቅ መደብሮች የሚሸጠው ላንኮምም የዚያው ኩባንያ ነው። ውስጣቸው አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩ ሥራ ውድ ጠርሙስ ውስጥ ብቻ ይገኛል የሚለውን ግን እዚያው መተው ይቻላል።

ብልሃት የሚጠይቀው ፋውንዴሽን መምረጡ ነው። ከብስል ቀይ እስከ ጥቁር፣ በጠርሙስ የተደረደረው የሰው መልክ ሁሉ በመሠረቱ የሚቀመመው ከአራት ዱቄቶች ነው፤ ከነጭ የታይታኒየም ዱቄትና ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር የብረት ዝገት። ባለሙያው የሚታወቀው በመጠኑ ነው። የተዋጣለት ቡናማ ቀለም ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ስታዞሩት ቀዩና ቢጫው ከሥር ሞቅ ብለው ይታያሉ። ያልተዋጣለት ደግሞ ነጩ ሳይቀነስ ጥቁር የተጨመረበት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ደህና ይመስላል፣ ጠይም ፊት ላይ ሲውል ግን አመድማ ይሆናል። ለዘመናት ለጠቆረ ቆዳ የቀረበው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ነበር፤ የሶማሊያዋ ተወላጅ ኢማን በ1994 የራሷን የመዋቢያ ኩባንያ የከፈተችው ለመልኳ የሚሆን ቀለም ራሷ ስትቀላቅል ኖራ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ በ2003 የእስቴ ላውደር ፊት ሆና ስትመረጥ ደግሞ በዚያ ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ዛሬ የሜይቤሊኑ «ፊት ሚ» ብቻውን በ40 ገደማ መልክ ይመጣል።

ከአርባው የራስን ለማግኘት የእጅ አንጓ አይጠቅምም፤ እጅና ፊት በመልክ አይመሳሰሉም። መንጋጋ ላይ፣ ፊትና አንገት በሚገናኙበት ቦታ፣ ሁለት ሦስት ቀጫጭን መስመር አድርጎ ማድረቅ ነው። ሲደርቅ ጠቆር የሚል ፋውንዴሽን ብዙ ስለሆነ መቸኮል አያዋጣም። ከዚያ የቀን ብርሃን ወዳለበት በር ወጣ ማለት፣ የፋርማሲው አምፖል ዋሾ ነውና። የጠፋው መስመር የእናንተ ነው። የታሸገውን ሳይከፍቱ መሞከር ስለማይቻል ደረሰኙን መያዝ ይበጃል፤ የተከፈተ መዋቢያ የሚመልሱ ፋርማሲዎች ጥቂት አይደሉም፣ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

የእጅን ሥራ በቅርብ ያየሁት በአንዲት ዘመዴ ሠርግ ማለዳ ነው። የሜካፕ ባለሙያዋ ቦርሳ ውስጥ ከነበረው አብዛኛው ከፋርማሲ የተገዛ ነበር። የሙሽራዋን ፊት አጥባ ክሬም ቀባችና ተቀምጣ ቡናዋን ጠጣች። ሚዜዎቹ «ኧረ ረፈደ!» ቢሏትም ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ክሬሙ ሳይሰርግ የተደረበ ፋውንዴሽን ተንከባሎ ይነሳል፤ ጀማሪን «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ከሚያሰኙት ነገሮች ግማሹ ይህ ነው።

ከዚያ አንዲት ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ አወጣች። ስፖንጁን ውሃ ነክራ በፎጣ ጠቅልላ ጨመቀችው፤ ደረቅ ስፖንጅ ፋውንዴሽኑን ራሱ ይጠጣዋል። የጀመረችው ከአፍንጫው ጎንና ከዓይን ሥር፣ መልኩ ከማይስተካከልበት ነው። አትጠርግም፣ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። ወደ ጆሮና ወደ ፀጉር ዳር ስትሄድ አዲስ ቀለም አልጨመረችም፣ ስፖንጁ ላይ የቀረውን ነው ያደረሰችው። ስለዚህ ፋውንዴሽኑ የት እንዳለቀ ዳሩን ብፈልገው አጣሁት። ጉንጯ አጠገብ ስትደርስ አየት አድርጋ «እዚህ ጋ ምን አለባት?» አለችና አለፈችው። ፓውደርም ያረፈው የአፍንጫዋ ጎንና ጎንና የግንባሯ መሀል ላይ ብቻ ነው። አንዳንዱ ፓውደር በመስታወት ሲያዩት ቀለም የለውም፣ የካሜራ መብራት ሲያርፍበት ግን ነጭ ይተፋል። ሙሽራ ወፍጮ ቤት የዋለች መስላ የወጣችበትን የሠርግ አልበም ያላየ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

የሙሽራዋ እናት ገቡና ልጃቸውን አዩዋት። «ልጄ፣ ገና አልጀመርሽላትም እንዴ?»

«ጨረስኩ እኮ እማማ፣ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ለዓይኗ የመረጠችው ውሃ የማያስለቅቀውን ማስካራ ነው፤ «ጉልበት ስትስም ማልቀሷ አይቀርም» አለች። ሮዙ ቱቦ ውሃ ያለበት በመሆኑ በሳሙና ይለቃል፣ ለዘወትርና ለጀማሪ የሚሻለውም እሱ ነው። ውሃ የማይደፍረው ደግሞ የሚለቀው በዘይት ነው። ዘይት የነካ ጥጥ ዓይን ላይ አሳርፎ ትንሽ መታገሥ ይፈልጋል፤ ያለዚያ ሽፋሽፍት ይነቀላል።

ብሩሹን ከቱቦው ያወጣችው እያዞረች ነው። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ አላደረገችውም። መደጋገሙ ቀለም አይጨምርም፤ አየር አስገብቶ ማስካራውን ያደርቃል እንጂ። «የኔ ቆንጆ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊና ወደ ታች እዪልኝ» አለችና ብሩሹን ከሽፋሽፍቷ ሥር አስጠግታ ግራ ቀኝ በትንሹ አንቀጠቀጠችው፣ ከዚያ ሳትጫን ወደ ላይ ሳበችው። ቀለሙ ሥሩ ላይ ቀረ፣ ጫፉ ቀጠነ። ሁለተኛውን የደገመችው የመጀመሪያው ፈጽሞ ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ቢደገም ይፈረፈራል። በመሀል አንዲት ጥቁር ነጥብ የዓይኗ ቆብ ላይ አረፈች። ሚዜዋ ሶፍት ይዛ ስትዘረጋ ባለሙያዋ እጇን ያዘቻት። እርጥቡን ቢነኩት ይለቀለቃል፤ ከደረቀ በኋላ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ጫፍ ጠንቆል ስታደርገው ነጥቡ ብቻ ተነስቶ ሄደ።

ስለ ሊፒስቲክ ብዙ አልልም፣ ርካሹም ውዱም የሚሠራበት ነገር ተቀራራቢ ነው፤ ሰም፣ የጉሎ ዘይትና ቀለም። አዲሱን ስትከፍቱ ግን ከመቀባታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት። ያ የመስታወት ልስላሴ ከቅርጹ የወጣ አይደለም። ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ለቅጽበት ነበልባል ያስነኩታል፣ ላዩ ቀልጦ ሲረጋ ይስላል። ሙቀቱ ትንሽ ቢቆይ ጫፉ ይደፋል፤ ቢያጥር ልስላሴው አይመጣም።

መቼም ሐበሻ ሆኖ ስለ ዓይን አውርቶ ኩልን መዝለል አይቻልም። ከሀገር ቤት በመልእክት የሚመጣው የኩል ዱቄት እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል የአሜሪካ ሕግ ለመዋቢያነት አይፈቅደውም። በተለይ ለሕፃን መኳል ቢቀር ይሻላል። ፋርማሲው ውስጥ ያለው የዓይን እርሳስ፣ ስሙ እርሳስ ይሁን እንጂ፣ ሰምና ቀለም ነው። በሙቀት ለስልሶ አልቀረጽ ካለ ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፣ ይጠነክርና ሳይሰበር ይቀረጻል። ከዚያ ጫፉን እጅ ጀርባ ላይ ትንሽ ማሸት፣ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ጀማሪዋ በአንድ ትንፋሽ መስመር ልስብ ካለች ይጣመምባታል፤ ክርኗን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ በሽፋሽፍቱ መካከል መካከል ነጥብ ነጥብ ታድርግና ነጥቦቹን በጥጥ ጫፍ ታገናኛቸው። ፊት ለፊቷ የሚቆም ሰው መስመር አይታየውም፤ የሚያየው ሽፋሽፍቷ በዝቶ ነው።