«በዘላለም ደጅ»፦ ጸጋን በምን እንለያለን?

ጁሊያን ሽናብል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው «በዘላለም ደጅ» የተሰኘው ፊልም የሠዓሊውን የቪንሰንት ቫን ጎግን የመጨረሻ ዓመታት ይተርካል። ሽናብል ራሱ ሠዓሊ ነውና ካሜራው ከቪንሰንት ጋር በአርል ማሳዎች ይሮጣል፣ ይንገዳገዳል። የተሟላ የሕይወት ታሪክ የሚፈልግ ተመልካች ሊሰለች ይችላል። ስለ ሠዓሊው አሟሟት የሚያቀርበውም አከራካሪውን መላምት ነው።

ለአገልጋዮች የፊልሙ ልብ በሳን ሬሚ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ የሚካሄደው ውይይት ነው። ማድስ ሚከልሰን የሚተውነው ቄስ የቪንሰንትን (ዊለም ዳፎ) ሥዕል ይመለከትና፣ እንዲህ ያለውን ደስ የማይል ነገር እንዲሥል እግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሰጠው በምን እንደሚያምን ይጠይቀዋል። ቄሱ ጨካኝ አይደለም፤ በእርጋታ ያዳምጣል። ቪንሰንትም እግዚአብሔር ገና ላልተወለዱ ሰዎች ሠዓሊ አድርጎት ሊሆን እንደሚችል ይመልሳል፤ ኢየሱስም በሕይወቱ ዘመን እንዳልታወቀ ያነሣል።

እዚህ ላይ ፊልሙን መሞገት ይገባል። ክርስቶስን መምሰል ከሞት በኋላ መታወቅ ከሆነ፣ መስቀሉ የዘገየ ዝና መንገድ ሆነ ማለት ነው። ፊልጵስዩስ 2 ግን ራሱን ባዶ ያደረገውን ጌታ ያሳየናል፤ ከፍ ከፍ ያደረገውም እግዚአብሔር እንጂ የትውልድ ጭብጨባ አይደለም።

ለዚህ የሚቀርበውን የቪንሰንትን ምዕራፍ ፊልሙ አያሳየንም። የፓስተር ልጅ የነበረው ቪንሰንት እ.ኤ.አ. በ1879 በቤልጅየም ቦሪናዥ በድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች መካከል ወንጌላዊ ነበር። ልብሱን ለድሆች ሰጠ፤ ገለባ ላይ ተኛ፤ የቆሰሉትን አስታመመ። የላከው ኮሚቴ ለሕሙማን ያሳየውን ትጋት መሰከረለት፤ ሆኖም የንግግር ስጦታ ይጎድለዋል በማለት አገልግሎቱን አላደሰለትም።

ኮሚቴው ስለ ስብከቱ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ለማስተማር መብቃትን ይጠይቃል። ነገር ግን «ሰባኪ አይደለህም» ማለትና «በመካከላችን ቦታ የለህም» ማለት አንድ አይደሉም። 1ኛ ቆሮንቶስ 12 የመርዳትን ስጦታ ከማስተማር ጋር በአንድ አካል ውስጥ ይቆጥራል።

ስለዚህ የቄሱ ጥያቄ ወደ እኛ ይመለሳል። የምንመዝነው በመድረክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በሕሙማን አልጋ አጠገብ የሚተጋውን እንሸኘዋለን፤ የሸኘነውንም ጌታ እንዳልጠራው እንቆጥራለን። ፊልሙን ከደቀ መዛሙርት ጋር አይቶ መወያየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቦሪናዥን ግን መምህሩ ራሱ መጨመር አለበት።