ማንም የማያያት ግራጫ ነጥብ

ፖታሲየም ስለሚለኩ የታተሙ ሴንሰሮች በተወራ ቁጥር ምስጋናውን ጠቅልሎ የሚወስደው ቫሊኖማይሲን ነው። አይፈረድበትም። ባክቴሪያ የሚሠራው ይህ ቀለበት መሰል ሞለኪውል ፖታሲየምን የከበበውን ውሃ አስጥሎ መሀሉ ያስገባዋል፤ አነስ የሚለው ሶዲየም ግን ልኩ ስላልሆነ በአብዛኛው ውጭ ይቀራል። ፖታሲየምን ከሶዲየም የሚያስበልጠው 10,000 እጥፍ ገደማ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የምትነሳኝ ከጎኑ የታተመችው ግራጫ ነጥብ ናት፤ ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ።

አታሚው ቲሸርት የሚታተምበት ዓይነት ነው። ስክሪኑ በፕላስቲክ ላይ ይዘረጋል፣ የካርቦን ቀለም ይደፋበታል፣ በጎማ ይጠረጋል፣ ምድጃ ገብቶ ይደርቃል። የብርና የብር ክሎራይድ ቀለም በሌላ ስክሪን ይከተላል፤ ግራጫዋ ነጥብ የምትሠራው በዚህ ነው። በመጨረሻ ቫሊኖማይሲን፣ ፒቪሲና ማለስለሻ ዘይት አብረው ሟሙተው ካርቦኑ ላይ ይንጠባጠባሉ። ጠብታው ክዳን ተደርጎለት ቀስ ብሎ ይድረቅ። የቸኮለ ሰው አረፋ ያተርፋል። የካርቦኑ ጠርዝ በትንሹም ቢሆን ሳይሸፈን ከቀረ ደግሞ ፈሳሹ በዚያ ሾልኮ ይገባና የሽፋኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተሳክቶም የፖታሲየሙ ኤሌክትሮድ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ቮልቴጅ የሁለት ነገሮች ልዩነት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፖታሲየሙ 10 እጥፍ ሲጨምር ንባቡ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ከፍ ይላል። የአንድ ሚሊቮልት ስሕተት መጠኑን 4 በመቶ ያዛባል ማለት ነው። ችግሩ ራቁቷን የቀረች የብር ክሎራይድ ነጥብም ለክሎራይድ ልክ በዚያው መጠን መንቀሳቀሷ ነው። ክሎራይዱ 10 እጥፍ ቢጨምር እሷ በ59 ሚሊቮልት ትወርዳለች፤ መሣሪያው ደግሞ ፖታሲየም ጨመረ ብሎ ያነባል። የሚዛን ድንጋዩ ራሱ ክብደቱን ከቀያየረ ነጋዴውን ምን ብለን እንከሰዋለን?

ላብ ላይ ጣጣው ጎልቶ ይታያል። ላብ በፈጠነ ቁጥር ሶዲየሙና ክሎራይዱ ይጨምራሉ፤ ፖታሲየሙ ግን ያን ያህል አይንቀሳቀስም። ማመሳከሪያው ያልተሸፈነ ሴንሰር ለብሶ የሚሮጥ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው የሚያምር መስመር የክሎራይዱ ታሪክ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ፖሊቪኒል ቡቲራል የተባለው ፕላስቲክ (የመኪና የፊት መስታወት ሲሰበር እንዳይበታተን የሚይዘው እሱ ነው) በሜታኖል ይሟሟል፣ ሶዲየም ክሎራይድ እስኪጠግብ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ነጥቧ ላይ ይንጠባጠባል። በውስጡ የታሰረው ጨው የነጥቧን አካባቢ ክሎራይድ ያጸናል፤ የውጭው ቢለዋወጥ ብዙም አይነካትም። ጨው ግን ታስሮ አይኖርም፤ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ሽፋኑ ከሳሳ ቶሎ ያልቃል፣ ከወፈረ ውሃ እስኪጠጣ ያስጠብቃል። እኔ ወፍራሙን እመርጣለሁ፤ ጠዋት ልለካበት ከሆነ ማታ ፈሳሽ ውስጥ ነክሬ አሳድረዋለሁ።

በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ እንዲሁ አትመን መለካት አንችልም ወይ የሚሉኝ አሉ። የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ልቡ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ነው። ክሪስታል እንደ ቀለም በስክሪን አይጠረግም። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ከዚያ በላይ መሆን አለመሆኑን ለመፍረድ፣ ቢያንስ በእኔ አስተያየት፣ ያረጀው ዘንግ መሰል ኤሌክትሮድ ከነማስተካከያ ፈሳሹ ዛሬም ይሻላል። ሁሉን ነገር ማተም ግዴታ አይደለም።

የታተመ የአዮን ሴንሰር ልትገዙ ከሆነ ስለ ቫሊኖማይሲኑ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ሙከራ አሠሩ። ፖታሲየሙ ሳይነካ ሶዲየም ክሎራይድ ተጨምሮ ክሎራይዱ 10 እጥፍ ይደግ። ንባቡ በ60 ሚሊቮልት ገደማ ከዘለለ ዕቃውን መልሱት።