ሰም የሌለው ክፍል፤ ስለ ባፊ ድርሰትና ስለ መርማሪዎቹ

ትምህርት ቤቱ በሲኦል አፍ ላይ ተሠርቷል ብሎ የሚነሣ ድርሰት ለሕፃናት ማስፈራሪያ ይኾናል እንጂ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጉባኤ የሚሰበሰቡበት ነገር አይመስልም። አንባቢ ሆይ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልኾነም። ባፊ የምትባል ያሜሪካ ልጃገረድ ቀን ቀን ከእኩዮቿ ጋራ ትማራለች፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከመቃብር እየወጡ የሰው ደም የሚመጥጡትን ሙታን፣ ቫምፓየር የሚባሉትን፣ ልባቸውን በሹል እንጨት እየወጋች ታጠፋለች። ይህን የሚያሳየው የቴሌቪዥን ድርሰት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከማርች 10 ቀን 1997 እስከ ሜይ 20 ቀን 2003 ድረስ በሰባት ምዕራፍ 144 ክፍል ኾኖ ታየ። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) ድርሰቱን ያነሣው ጆስ ዊደን ነው፤ ባፊን ኾና የተጫወተችው ሣራ ሚሼል ጌላር ናት፤ ሳኒዴል የምትባለውም ከተማ በካሊፎርኒያ አለች ተብላ የተፈጠረች ናት።

ድርሰቱ ገና ሳያልቅ በ2001 ዓ.ም. ሮንዳ ዊልኮክስና ዴቪድ ላቨሪ የተባሉ ኹለት አሜሪካውያን መምህራን ስለ እርሱ የሚመረምር መጽሔት አቆሙ፤ ስሙንም ስሌይጅ አሉት። በ2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ በኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ስለዚሁ ድርሰት ጉባኤ ተደረገ፤ በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ በናሽቪል ሌላ ተከተለ። ይህን የሚሰማ ሰው መዠመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። ነገር ግን የሚያሥቀን የሚጠናው ነገር ተራ መኾኑ ከኾነ ሣቁ ከንቱ ነው፤ ክቡሩን መጽሐፍ በችኰላ መርምሮ የሚያዋርድ እንዳለ ኹሉ የአደባባዩን ጨዋታ በትጋት መርምሮ የሚያከብር አለና። መጠየቅ የሚገባው መምህራኑ ይህን ነገር ከያዙ በኋላ ምን አደረጉበት ተብሎ ነው።

የድርሰቱ አሠራር ለቅኔ ተማሪ እንግዳ አይደለም። አውሬው ሰም ነው፤ ወርቁም ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት በሚሻገር ሰው ላይ የሚደርሰው መከራ ነው። በ1997 ዓ.ም. በታየ አንድ ክፍል ማንም ልብ የማይላት ተማሪ አለች፤ መምህሯ አይጠራትም፣ ባልንጀሮቿ አይመልሱላትም፤ በመጨረሻ በእውነት ከሰው ዐይን ተሰወረችና ሳትታይ ትበቀል ዠመር። በጃንዋሪ 1998 በታየው ‹የዋህነት› በተባለው ክፍል ደግሞ ኤንጀል የሚባል ቫምፓየር አለ፤ ስለ ግፉ ተረግሞ ነፍሱ የተመለሰችለትና ስለ ሠራው ኹሉ የሚጸጸት ነው። ባፊ ወደደችው፤ አብራውም ባደረች ጊዜ ነፍሱ ዳግመኛ ተለየችው፤ በማግስቱ ሲነጋገሩ ሌላ ሰው ኾኖ አፌዘባት። ወርቁ ግልጽ ነው፤ ትናንት ያመነችው ወንድ ዛሬ የማታውቀው የሚኾንባት ልጅ ኹሉ ታሪኳ ይህ ነው።

ይህን ወርቅ ለማግኘት ግን መምህር አያሻም። ዐሥራ አምስት ዓመት የኾናት ተመልካች በቤቷ ተቀምጣ ታገኘዋለች፤ ለእርሷ ተብሎ የተሠራ ነውና። ስለዚህ ‹አውሬው የዚህ ምሳሌ ነው› ብሎ ጽፎ በዚያው የሚያቆም ተመራማሪ፣ ባለቅኔው ሰሙንም ወርቁንም ከነገረው በኋላ ቅኔ ፈታሁ ብሎ እንደሚነሣ ተማሪ ነው። በእኛ ጉባኤ እንዲህ ያለውን ‹ተቀመጥ› ይሉታል።

ደኅና ሥራ ያገኘሁት ሰሙን በታገሡት ዘንድ ነው። ማይክል አዳምስ የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ2003 ዓ.ም. በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አንድ መዝገበ ቃላት አሳተሙ፤ የባፊ ጓደኞች በጨዋታቸው የፈጠሯቸውንና ያጣመሟቸውን ቃላት ከተነገሩበት ዐረፍተ ነገር ጋራ የሰበሰበ ነው። የመጽሔቱ ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ስሌይ ማለት መግደል ሲኾን ኤጅ የምትባለውን ምዕላድ ቢጨምሩባት የመግደል ሥራ የሚል ስም ይወጣታል። ልጆቹ ይህን ምዕላድ ባገኙት ቃል ላይ ኹሉ ይለጥፉታል። ሞትን በየሌሊቱ የሚያይ ልጅ አፉ ለምን እንዲህ እንደሚጫወት ለመረዳት ከማናቸውም የሥነ ልቡና ሐተታ ይልቅ የዚህ ዐይነቱ የቃል ቈጠራ ይጠቅማል። ዊልኮክስም በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ድርሰቱ ስለ ወጣቶች ማስረጃ የሚለቀምበት ሳይኾን ራሱ ኪነ ጥበብ ነው ብለው ተከራከሩ፤ የመጽሐፉንም ኹለተኛ እጅ አንዳንዱን ክፍል ለብቻው ይዘው ለማብራራት አዋሉት። መንገዱ ይህ ይመስለኛል።

ሌላው መንገድ ደግሞ አለ። በ2003 ዓ.ም. ጄምስ ሳውዝ አዘጋጅተው ያወጡት የባፊና የፍልስፍና መጽሐፍ ፕላቶንንና ኒቼን ወደ ሳኒዴል ያመጣል፤ ይልቁንም ፌይዝ የምትባለው፣ ትርጓሜዋ እምነት የኾነው፣ ባፊን መሳይዋ ገዳይ የፈላስፎቹ ተወዳጅ ናት። ኒቼን ለማያውቅ ተማሪ ይህ መልካም ደጅ ይኾናል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በአንዳንዱ ገጽ ልጅቱ የፈላስፋው ካባ የሚሰቀልባት ችንካር ኾና ትቀራለች፤ ካባው ሲወርድ ችንካሩን የሚያስታውሰው የለም። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ድርሰት ውስጥ መስቀል አለ፤ ቫምፓየሩን ያቃጥለዋል። ጠበልም አለ፤ እንዲሁ ያቃጥለዋል። የመስቀሉ ባለቤት ግን የለም፤ ስለ እርሱም የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነፍስ የምትባለውም በየምዕራፉ ስትጠፋና ስትመለስ እንደ ዕቃ ናት። ሰሙን አክብሮ የሚያነብ ተመራማሪ ይህን ክፍተት አይቶ ዝም ሊል አይገባውም፤ ባለ ድርሰቱ ያላሰበበት ቢኾን እንኳ።

በዲሴምበር 14 ቀን 1999 የታየው ‹ዝም› የተባለው ክፍል ለመምህራን ፈተና ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የሚዠምረው በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው፤ አንዲት ፕሮፌሰር መናገርና መግባባት አንድ አለመኾናቸውን ያስተምራሉ። ሌሊቱን ጥቍር የለበሱ፣ ጥርሳቸው የገጠጠ፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ የሚንሳፈፉ ፍጥረታት መጥተው የከተማውን ሰው ኹሉ ድምፅ በሣጥን ሰብስበው ይወስዳሉ፤ ከዚያም ወዲያ ልቡን የሚያወጡት ሰው ቢጮኽ አይሰማም። ከግማሽ ሰዓት ጥቂት ያነሰ ጊዜ ተናጋሪ የለም። የባፊ መካሪ ጃይልስ በዚያው ባዶ አዳራሽ ቆሞ በመብራት ግድግዳ ላይ በሚያርፍ ሥዕል ብቻ ነገሩን ሲያስረዳ ተመልካች ይሥቃል፤ መምህራንም ሊሥቁ ይገባቸዋል፤ የተነሡት እነርሱ ናቸውና። በመጨረሻ ድምፁ ሲመለስ ባፊና የወደደችው ወጣት ብዙ የምንነጋገረው አለ ተባብለው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንድ ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። ክፍሉ እዚያ ያልቃል። ስለዚህ ክፍል ሰፊ ሐተታ መጻፍ ይቻላል፤ የጻፈው ሰው ግን ክፍሉ ቀድሞ እንደ ተረበው ያውቅ ዘንድ ይገባዋል።

ሰምና ወርቅ የተገናኙበት ክፉ ቀንም ነበር። ጄን ኤስፐንሰን የጻፈችው ‹ዦሮ የሚደርስበት› የተባለው ክፍል፣ ባፊ የሰውን ዐሳብ ስትሰማና በትምህርት ቤቱ ውስጥ ብዙ ሰው ሊገድል ያሰበ እንዳለ ስታውቅ የሚያሳየው፣ በኤፕሪል 27 ቀን 1999 ሊታይ ተወስኖ ነበር። በኤፕሪል 20 ቀን በኮሎራዶ በኮለምባይን ትምህርት ቤት ኹለት ተማሪዎች እኩዮቻቸውን ገደሉ። ክፍሉ ተይዞ እስከ ሴፕቴምበር ቆየ።

አኹን ወደ አስቸጋሪው ነገር እመጣለሁ። በፌብሩዋሪ 2021 ካሪዝማ ካርፔንተር፣ በባፊና ከእርሱም በወጣው ኤንጀል በተባለው ድርሰት የተጫወተችው፣ ዊደን ሥልጣኑን ያለ አግባብ እየሠራበት እንዳዋረዳትና በእርግዝናዋ ጊዜ እንዳስጨነቃት በአደባባይ ጻፈች። ጌላርም በባፊ ስም መጠራት እንደሚያኰራት፣ ከዊደን ስም ጋራ ግን ለዘለዓለም መያያዝ እንደማትወድ አስታወቀች። እርሱ በ2022 ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃል ከተባለው ከፊሉን አመነ፣ ከፊሉን አልተቀበለም። የመርማሪዎቹ ማኅበር ቀድሞ በዊደን ስም ይጠራ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያን ስም ትቶ በባፊ ስም ተጠራ።

ደግ አደረጉ፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከመዠመሪያው ነው እላለሁ። የቴሌቪዥን ድርሰት ብዙ እጅ የሚሠራው ነው፤ ከላይ የጠራሁትን ክፍል የጻፈችው ኤስፐንሰን እንደ ኾነች አንባቢ አይቷል። ማኅበርን በአንድ ሰው ስም መጥራት የብዙዎችን ድካም ለአንድ መስጠት ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሴቶችን የሚያበረታ ደራሲ ነው ተብሎ በጽሑፍ ተመሰገነ፤ እነዚያን ገጾች ምን እናድርጋቸው? ብራናውን መፋቅ ይቀላል። እኔ ግን አይፋቅ እላለሁ። ጸሓፊው ያኔ ያየውን ጽፏልና ጽሑፉ ይቈይ፤ በኅዳጉ ላይ ግን ኋላ የሰማው ይጻፍበት፣ ያውም በገዛ እጁ። ‹ድርሰቱን የሚወድ ሰው እንዴት ይፈርዳል› እያሉ እነዚህን መምህራን የሚነቅፉ አሉ። የማይወደውን መጽሐፍ ዕድሜውን ሙሉ ሲተረጕም የኖረ መምህር እኔ አላየሁም። ፍቅሩ አይደለም የሚያስፈራው፤ በኅዳጉ ላይ ለመጻፍ እጁ ቢታሰር ነው።

ይህም ጥያቄ ከኹሉ የሚከብደው በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 በታየው ‹በድኑ› በተባለው ክፍል ላይ ነው፤ ጽፎ ያዘጋጀው ዊደን ራሱ ነውና፣ ከገዛ እናቱም ሞት ያወጣው ነውና። ባፊ ወደ ቤቷ ስትገባ እናቷን ጆይስን በሶፋ ላይ ወድቃ ታገኛታለች። የገደላት አውሬ አይደለም፤ በራሷ ውስጥ የፈነዳ የደም ሥር ነው። ዓለምን ደጋግማ ያዳነችው ልጅ ስልክ ይዛ እንደ ማንም ሰው ርዳታ ትለምናለች፤ የእናቷን ደረት ስትጫን ዐጥንት ሲሰበር ይሰማል። በክፍሉ ሙሉ ተመልካቹን ‹አኹን አልቅስ› የሚለው ዜማ የለም። በሩን ስትከፍት ከውጪ የሕፃናት ጨዋታ ይሰማል፤ ፀሓይ ነው።

ታናሽ እኅቷ ዶውን በዚያ ሰዓት በሥዕል ትምህርት ላይ ናት። መምህሯ ምስሉን ሳይኾን በምስሉ ዙሪያ ያለውን ባዶ ስፍራ ሣሉ ትላቸዋለች። ባፊ መጥታ ወደ ውጪ ትጠራታለች፤ ተማሪዎቹም መምህሯም በመስተዋቱ በስተኋላ ኾነው ያያሉ። እኛም ከእነርሱ ጋራ ነን። ልጅቱ ስትወድቅ እናያለን፤ የተነገራት ቃል ግን ወደ እኛ አይደርስም። ድርሰቱ በአዳራሽ ተቀምጦ የሌላውን ኀዘን የሚመረምረውን ሰው ከዚህ ይልቅ በግልጽ ያሣለበት ስፍራ አላውቅም፤ ልጅቱ ትታው የወጣችውም ሥዕል ባዶው ስፍራ ነው።

አንያ የምትባለው፣ ከሺህ ዓመት በላይ የበቀል ጋኔን ኾና ኖራ ወደ ሰውነት የተመለሰችው፣ ምን ማድረግ እንደሚገባት ሰውን ኹሉ ትጠይቃለች፤ የሚገባ ጥያቄ አይደለም ብለው ሲቈጧት አለቀሰች። ጆይስ ከእንግዲህ ለምን እንደማትበላና ጠጕሯን እንደማታበጥር የሚያስረዳት ሰው ማጣቷን ተናገረች። የሚመልስላት አልተገኘም። በፍጻሜው በሬሳ ማስቀመጫው ቤት አንድ ቫምፓየር ይነሣል። ራቍቱን ነው፣ አይናገርም፣ ባፊም ያለ ቀልድ ታግላ ታጠፋዋለች። ሰሙ እንደ ልማዱ መጣ፤ የሚቀልጥለት ወርቅ ግን የለውም፤ የጆይስ ሞት የምንም ምሳሌ አይደለምና። ዶውን የእናቷን ጕንጭ ልትነካ እጇን ትዘረጋለች፤ ጣቷ ሳይደርስ ሥዕሉ ይጠፋል።

ለዚህ ክፍል ትርጕም የሚያከፋፍል መምህር ጊዜው ያልኾነ ሥራ ይሠራል። ዛሬ የሚያስተምረው ሰው ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት፤ የእናቱን ሞት እንዲህ ያዘነለት ሰው በሌላ ሰው እርግዝና ላይ ጨከነ ተብሎ ተከሷልና። ይህን ለተማሪዎቹ መሰወር አይችልም፤ ክፍሉን ሳያዩ አስቀድሞ ቢነግራቸው ደግሞ ጆይስን ትተው ዊደንን ሲያዩ ይውላሉ። እኔ ብኾን አስቀድሜ ክፍሉን አሳያቸዋለሁ፤ ሲያልቅም መብራቱን አብርቼ በዝምታ አሰናብታቸዋለሁ። ጥያቄውን በማግስቱ እዠምራለሁ፤ የዊደንንም ነገር ያን ጊዜ እነግራቸዋለሁ። መዠመሪያ የምጠይቃቸው ግን ‹ምን ማለት ነው› ብዬ ሳይኾን ‹ምን ሰማችኹ› ብዬ ነው።